ወረፋው የት ነበር?

ቅዳሜ ማታ እረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዳችሁም ፈረቃችሁን ቀይራችሁ፣ ስለ ሕግና ስለ ታሪክ ልትሰሙ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። አክባሪያችሁ ነኝ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬውን ርዕስ የሰጠኝ አንድ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ አካባቢ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ሲደርስ፣ እንደምታውቁት፣ ወሬው ከሟቹ ወደ አገር ቤት፣ ከአገር ቤት ወደ ፖለቲካ ይሻገራል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የድንበሩን አጥር ያሳያል። ከጎኔ የተቀመጡ ጋሼ፣ ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ “እኛ እኮ ወረፋችንን ጠብቀን፣ ወረቀታችንን ይዘን ነው የገባነው። የአሁኑ ዝም ብሎ አጥር እየዘለለ!” አሉ። ሦስት አራት ሰው “እውነት ነው” አለ።

ውኃ የሚያድለው ልጅ ቆም አለ። ከብራዚል ተነሥቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል የመጣ ልጅ ነው፤ ኬዙ ገና አላለቀም። ጎንበስ ብሎ ለጋሼ ውኃውን ሰጣቸውና፣ “ጋሼ፣ ወረፋው የት ነበር? ባውቀው እኮ እሰለፍ ነበር” አላቸው።

ማንም አልመለሰለትም። ቡናው ቀረበ፣ ወሬው ተቀየረ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጁ የጠየቀው ለነገር አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ከልብ የተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይገባዋል። ዛሬ ማታ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ወረፋውን እንፈልጋለን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከኤሊስ ደሴት ልነሣ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 በኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለው አዲሱ የመጤዎች መቀበያ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አኒ ሙር የምትባል የአየርላንድ ልጃገረድ ነበረች። ከኮርክ አውራጃ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ፣ ኔቫዳ በተባለች መርከብ፣ ቀድመው ኒውዮርክ ወደ ገቡት ወላጆቿ መምጣቷ ነው። ሹሙ አሥር ዶላር የሚያወጣ የወርቅ ሳንቲም ሸለማት። ዛሬ አንድ ሐውልት በተሳፈረችበት ወደብ፣ አንድ ሐውልት በወረደችበት ደሴት ቆሞላታል።

ለብዙ ዓመታት ይተረክ የነበረው ታሪኳ እንዲህ ነበር፦ አኒ ወደ ምዕራብ ሄደች፣ ቴክሳስ ደረሰች፣ በዚያ ሰፊ አገር አግብታ ወለደች፣ በመጨረሻ የከተማ ባቡር ገጭቷት ሞተች። ደሴት ላይ ወርዶ ወደ ሰፊው ሜዳ መዝመት! አሜሪካ ስለ ራሷ መስማት የምትወደው ታሪክ ይህ ነው። ችግሩ ሴትየዋ ሌላ አኒ ሙር መሆኗ ነው። በ2006 አንዲት የዘር ሐረግ ተመራማሪ መዝገብ አገላብጣ አረጋገጠችው፤ የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች አሜሪካዊት ነበረች። እውነተኛዋ አኒ ከማንሃተን ደቡብ የድሆች ሰፈር ርቃ አልሄደችም። ከጀርመን መጤዎች የተወለደ ሰው አገባች፣ ብዙ ልጆች ወለደች፣ ግማሽ ያህሉን ገና ሳያድጉ ቀበረች፣ በሃምሳ ዓመቷ አካባቢ በ1924 ሞተች። መቃብሯም እስከ 2008 ድረስ ምልክት አልነበረበትም።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ትርክት ስለምናወራ ነው። አኒን ወደ ቴክሳስ የላካት አንድ ክፉ ውሸታም አይደለም። ሰው ሊሰማ የሚፈልገው ታሪክ ነበረና፣ ለዚያ ታሪክ የሚመች ሌላ ሰው ተገኘ። ትርክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሐውልቱ እውነት፣ መርከቧ እውነት፣ ሳንቲሙ እውነት ሆኖ መንገዱ የሌላ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ወረፋው። በዚህች አገር ስለ መጤዎች በተከራከሩ ቁጥር የሚሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ “የእኔ አያቶች በሕግ ነው የገቡት።” ዓረፍተ ነገሩ በአብዛኛው እውነት ነው። ግን ሕጉ ምን ጠየቃቸው? በኤሊስ ደሴት ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አልፏል። ከ1917 በፊት ለመጣ አውሮፓዊ ቪዛ የሚባል ነገር አልነበረም። ኤምባሲ በር ላይ ማደር የለም፣ የባንክ ደብተር የለም፣ ቃለ መጠይቅ ወድቆ እያለቀሱ መመለስ የለም። የመርከብ ቲኬት የገዛ ይሳፈራል። ሲወርድ ሐኪሞች ደረጃ ሲወጣ በዓይናቸው ይመዝኑታል፣ የተጠራጠሩትን ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል፤ ጸሐፊው ከመርከቡ መዝገብ ላይ እያነበበ ይጠይቀዋል። ጤነኛ ከሆነ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው።

መቼም ወረፋ ነበር። በኤፕሪል 17 ቀን 1907 ብቻ ከ11,000 በላይ ሰው በዚያ አዳራሽ አለፈ፤ ተሰልፎ ነው ያለፈው። ያ ወረፋ ግን የሚለካው በሰዓት ነበር። ዛሬ “ወረፋህን ጠብቅ” ሲባል የሚታሰበው ግን በዓመታት የሚለካ ነው፤ ከአንዳንድ አገር ወንድም ወይም እህቱን ለማምጣት ያመለከተ ሰው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ሁለቱ ነገሮች ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ መሰሉን።

እንዲያውም ያ የሰዓታት ወረፋ ለሁሉም አልነበረም። አኒ የወርቅ ሳንቲም ከመሸለሟ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1882፣ ኮንግረስ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ቅስቀሳውን በሳንፍራንሲስኮ አደባባይ ሲመሩ ከነበሩት ዋነኛው ዴኒስ ኪርኒ የሚባል ሰው ነበር። የት እንደተወለደ ልንገራችሁ? ኮርክ፣ አየርላንድ። የአኒ የአገር ልጅ ነው። እሱ ራሱ በመርከብ መጥቶ፣ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ፣ ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግሩን በሙሉ “ቻይናውያን መውጣት አለባቸው” በሚል ቃል ይጨርስ ነበር።

አየርላንዶቹ ራሳቸው ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ትውልድ ምን ሲባሉ ነበር? በ1840ዎቹ ረሃቡን ሸሽተው ሲመጡ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ በመሆኑ፣ ድህነታቸው በመብዛቱ፣ ለአገሪቱ አደጋ ናቸው ተባለ። በ1850ዎቹ በዚህ ጥላቻ ላይ የቆመ ፓርቲ ተመሥርቶ፣ መጤ ዜግነት ለማግኘት 21 ዓመት ይጠብቅ ብሎ ተከራከረ፤ በ1854 የማሳቹሴትስን ምክር ቤት ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ያዘ። ከዚያ መቶ ዓመት በፊትም ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ፔንሲልቬንያ ጀርመኖች፣ ቋንቋችንን አይማሩም፣ እነሱ እኛን ከመምሰል ይልቅ እኛን እነሱን ሊያደርጉን ነው ብሎ ጽፏል። ከ1907 ጀምሮ ደግሞ ኮንግረስ ያቋቋመው የዲሊንግሃም ኮሚሽን 41 ቅጽ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የድሮዎቹ መጤዎች ጥሩ ነበሩ፣ የአሁኖቹ ጣሊያኖች፣ አይሁዶችና ፖላንዶች ግን ከነዚያ ያነሱ ናቸው አለ። ልብ በሉ፤ “ጥሩ የድሮ መጤ” የተባሉት እነዚያው በጊዜያቸው ሲሰደቡ የነበሩት ጀርመኖችና አየርላንዶች ናቸው። ስድቡ አንድ ነው፤ የሚቀያየረው ተሰዳቢው ነው።

ወደ ቻይናውያኑ ልመለስ። በር ሲዘጋ ሰው ምን ያደርጋል? በ1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም የከተማው የልደት መዝገብ አብሮ ተቃጠለ። ብዙ ቻይናውያን “እዚሁ ነው የተወለድኩት” አሉ፤ መዝገብ የለም፣ ማን ያስተባብላል? የአሜሪካ ዜጋ የሆነ አባት ደግሞ ልጆቹን ማምጣት ይችላል። እናም በቻይና መንደሮች የሌላ ሰው ልጅ ስምና ታሪክ የሚገዛ ወጣት በዛ። እነዚህ ሰዎች የወረቀት ልጆች ይባላሉ። የአባት ተብዬውን ቤት ደረጃ ብዛት፣ የመንደሩን ጉድጓድ አቅጣጫ በቃላቸው ያጠናሉ፤ በሳንፍራንሲስኮ ባሕር ላይ ባለችው ኤንጅል ደሴት ሹሞቹ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያፋጥጧቸዋል። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን በሰው ስም ኖረው፣ በሰው ስም ተቀብረዋል።

የወረቀት ልጅ ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አየሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የወረቀት ጋብቻ ምን እንደሆነ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ... አመሰግናለሁ። እንቀጥል።

አሁን ወደ ዋናው ዓመት ደረስን፤ 1924። በሜይ 26 ቀን ፕሬዚዳንት ኩሊጅ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለየአገሩ ኮታ ሰጠ። ኮታው የሚሰላው በ1890 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ እዚህ የነበሩትን የየአገሩን ተወላጆች ከመቶ ሁለት በማድረግ ነበር። የ1910 እና የ1920 ቆጠራ እያለ ለምን ወደ 1890 ተመለሱ? ምክንያቱ ተሰውሮ አልነበረም፤ በ1890 ጣሊያኖች፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችና ግሪኮች ገና በብዛት አልመጡም። የኮታው ዝርዝር ሲወጣ ለጀርመን 51,227፣ ለጣሊያን 3,845፣ ለግሪክ 100 ደረሰ። ለአርመን 124።

ለኢትዮጵያስ? 100። በዓመት መቶ ሰው። ለዚያ ዘመን ይበቃል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ የሚሄድም አልነበረም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ግን ይናገራል፤ ከዚያ በታች የማይወረድበት ዝቅተኛው መጠን ነበርና። ሕጉ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አጸና፦ ከመርከብ ከመሳፈራችሁ በፊት በአገራችሁ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ ያዙ አለ። እነሆ፣ ያ ልጅ የጠየቀው ወረፋ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው 1924 ነው፤ ቦታው የቆንስላው በር። ፊርማው በተፈረመ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የድንበር ጠባቂው ኃይል ተቋቋመ። ከሳምንት በኋላ፣ በጁን 2፣ ከሁሉም በፊት እዚህ የነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በጅምላ ዜጎች ናቸው የሚል ሕግ ወጣ፤ በራሳቸው አገር። አኒ ሙር የሞተችውም በዚሁ ዓመት ነው። የእሷ ዓይነት አገባብ ከእሷ ጋር አብሮ ተቀበረ ማለት ይቻላል።

ሕጉ ከወጣ በኋላ አውሮፓውያን ሰልፋቸውን አሳምረው ጠበቁ ወይ? ብዙዎች ጠበቁ። ብዙዎች ደግሞ በካናዳ፣ በሜክሲኮና በኩባ በኩል ተሹለክልከው ገቡ፣ ከመርከብ ላይ እየጠፉ ቀሩ። ታዲያ መንግሥት ምን አደረጋቸው? በማርች 1929 በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው፣ ከጁን 1921 በፊት የገባ፣ የመግቢያ መዝገብ ግን የሌለው ሰው ጠባዩ መልካም ከሆነ 20 ዶላር ከፍሎ ይመዝገብና ሕጋዊ ይሁን አለ። በዚህ በኩል ከተመዘገቡት አብዛኞቹ አውሮፓውያንና ካናዳውያን ነበሩ። ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገርን የሚያሳስር ወንጀል አደረገው፤ በዚህ በብዛት የተከሰሱት ሜክሲኳውያን ናቸው። ዛሬ አያቱ ወረፋ ጠብቀው እንደገቡ በኩራት ከሚናገረው ሰው መካከል፣ አያቱ ያን 20 ዶላር የከፈሉት ስንቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይቅርታ የተደረገለት ሰው ይቅርታውን ለልጆቹ አይተርክም። ወረቀቱን ነው የሚያወርሳቸው።

ሌላውን ትልቅ ትርክት በአጭሩ ልንካው፤ አሜሪካ “የመጤዎች አገር” ናት የሚለውን። ብዙዎቻችን የምንወደው ነው፤ ለእኛም ቦታ ስለሚሰጠን። ጆን ኬኔዲ በ1958 በዚህ ርዕስ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁሉ ቀልጦ አንድ የሚሆንበት ማቅለጫ ድስት የሚለውን ምሳሌ ያስፋፋው ደግሞ እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ውስጥ በ1908 የታየ ቲያትር ነው፤ ደራሲው እስራኤል ዛንግዊል የለንደን ነዋሪ ነበር፤ ድስቱ ውስጥ ራሱ አልገባም። የዚህ ትርክት ጉድለት ሁለት ሕዝቦችን መተዉ ነው፦ ከመጀመሪያው የነበሩትንና በሰንሰለት ታስረው የመጡትን። በባሪያ ንግድ በቀጥታ ወደ ሰሜን አሜሪካ ምድር የወረዱ አፍሪካውያን ወደ 388,000 ይገመታሉ። እነዚህን “መጤ” ማለት በቋንቋ ላይ መቀለድ ነው።

ይህን እንደ ትምህርት ብቻ አልነግራችሁም፤ የእኛ በር የተከፈተው በእነሱ እጅ ስለሆነ ነው። ከ1790 ጀምሮ ዜግነት የሚሰጠው “ነጻ ለሆነ ነጭ ሰው” ብቻ ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ ባሪያ የነበሩት ነጻ ሲወጡ፣ በ1870 አፍሪካዊ ተወላጅም ዜጋ መሆን ይችላል ተባለ። ጃፓኖችና ሌሎች እስያውያን ይህን መብት ለማግኘት እስከ 1952 የጠበቁ አሉ። እኛ ለመሐላ እጃችንን ስናወጣ ማንም “ዘርህ አይፈቅድልህም” ያላለን ጥቁር አሜሪካውያን መቶ ዓመት ቀድመው ስለከፈሉልን ነው።

በ1965 የሆነውም እንደዚሁ ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ፤ በኦገስት 1965 የምርጫ መብት ሕግ ተከተለ፤ በኦክቶበር 3 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ሥር ተቀምጠው የዘር ኮታውን የሚሽር የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን ካረቀቁት አንዱ የብሩክሊኑ ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ፤ በ1924 አዲስ ተመራጭ ሳሉ ያን ሕግ ተቃውመው የተሸነፉ ሰው። አርባ አንድ ዓመት ጠበቁ። ወረፋ ጠበቀ የሚባል ሰው ካለ እሳቸው ናቸው! በአገር ውስጥ ሰው በዘሩ አይለይ ተብሎ ደም የፈሰሰበት ዓመት ላይ፣ በድንበር ላይ በዘር እንለይ ማለት አላስኬድ አለ። ይኸው ሕግ ግን ለሜክሲኮና ለጎረቤቶቿ ቀድሞ ያልነበረ የቁጥር ገደብ አመጣ። ለሃያ ሁለት ዓመት በውል እየመጡ ማሳ ሲያርሱ የነበሩበት ፕሮግራምም በ1964 ተዘግቶ ነበር። ሰዎቹ እነዚያው፣ ማሳው ያው፣ ስማቸው ብቻ “ሕገ ወጥ” ሆነ። ሳይንቀሳቀሱ ድንበሩ ተንቀሳቀሰባቸው።

እኛስ? የ1965ቱ ሕግ ስደተኛ ብሎ የሚቀበለው ከኮሚኒስት አገር የሸሸን ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣን ነበር፤ መካከለኛው ምሥራቅን ደግሞ ከሊቢያ እስከ ፓኪስታን፣ ከቱርክ እስከ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ ብሎ ወሰነው። አዎን፣ በአሜሪካ ሕግ ኢትዮጵያ ለዓመታት መካከለኛው ምሥራቅ ነበረች! በማርች 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር አዲሱን የስደተኞች ሕግ ሲፈርሙ ይህ ካርታ ቀረ። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የነበሩ ወገኖቻችን ከገዳሪፍና ከካርቱም በብዛት ወደዚህ የመጡት በዚህ በር ነው። ከመካከላችሁ በዚያ መንገድ የመጣችሁ አላችሁ፤ ሱዳን የገባችሁት ቪዛ አስመትታችሁ ነበር ወይ? በሌሊት፣ በእግር፣ በደላላ አይደለም?

ሁለተኛው በራችን ዲቪ ነው። የዲቪን ታሪክ ስንታችን እናውቀዋለን? በ1980ዎቹ የአየርላንድ ኢኮኖሚ ወደቀና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በቱሪስት ቪዛ ኒውዮርክና ቦስተን ገብተው ቀሩ። ወረቀት አልነበራቸውም። የአየርላንድ ዝርያ ያላቸው የኮንግረስ አባላት ለእነሱ መውጫ ሲፈልጉ በ1986 አነስተኛ የቪዛ ፕሮግራም አስጀመሩ፤ በ1990ው ሕግ ደግሞ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ አስወሰኑ፤ ከመቶ አርባው ለአየርላንድ ተብሎ። በ1991 ማመልከቻው የሚደርሰው ሜሪፊልድ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ፖስታ ቤት ነበር፤ ብዙዎቻችሁ በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፉት። ሰው በመቶ የሚቆጠር ፖስታ ይዞ በሩ ላይ ተሰብስቦ አደረ። ከዚያ ሕጉ ለቀሪው ዓለም ቋሚ ዕጣ አዘጋጀ፤ በ1995 በዓመት 55,000 ቪዛ ይዞ ሥራ ጀመረ። አርቃቂዎቹ በልባቸው አውሮፓን ይዘው ነበር። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴና ሐዋሳ በየኢንተርኔት ቤቱ ፎርም የሚሞላ ወጣት እንደሚሰለፍ ያሰበ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን አስቡት። ወረቀት ለሌላቸው አየርላንዶች ተብሎ የተከፈተ በር ነው እኛን ያስገባን። ደግሞም ዲቪ ዕጣ ነው። ዕጣ ወረፋ አይደለም! ወረፋ ቀድሞ የመጣ የሚቀድምበት ነው፤ በዕጣ ግን ዛሬ የሞላው ይወጣለትና አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ይቀራል። እኔም የገባሁት በዲቪ ነው። ፎርሙን የሞላችልኝ እህቴ ናት፤ እኔ ፎቶ ተነሥቼ ከመስጠት በቀር ያደረግሁት የለም። በእኔ ስም “ወረፋ ጠብቆ ገባ” ተብሎ ቢተረክ፣ አኒ ሙርን ቴክሳስ እንደ መላክ ነው።

አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። “ታዲያ ሕግ አይኑር፣ ድንበር አይኑር ልትለን ነው?” የሚል። አይደለም። አገር ማን እንደሚገባበት የመወሰን መብት አለው፤ ያለ ሕግ የሚሆነውን በረሃው ላይ በደላላ እጅ የወደቁ ልጆቻችን ያውቁታል። ድሮ በሩ ለሁሉ ክፍት ነበር የሚለውም ትርክት ሐሰት ነው፤ ቻይናውያኑን ጠይቁ። የምለው ሌላ ነው፦ ሕግ በሰው እጅ የሚሠራ፣ በሰው እጅ የሚቀየር ነገር ነው። በሕግ መግባታችን እውነት ነው፤ ያ ሕግ እኛ በደረስንበት ሰዓት ክፍት ሆኖ መገኘቱ ግን የእኛ ጨዋነት ውጤት አይደለም። ጨዋነትን ከአጋጣሚ ካልለየን፣ ኪርኒ የቆመበት መድረክ ላይ በአማርኛ እንቆማለን።

በአገራችን ትርክትም እንዲሁ ነው። እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን፤ እውነትም አለው። በዚያው በ1924፣ አሜሪካ ለአርመኖች በዓመት 124 ቦታ ስትሰጥ፣ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አምጥተው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። አርባ ልጆች እያልን እንተርካቸዋለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደርግ ንብረት ሲወርስ አብዛኛው የአርመን ማኅበረሰብ ጓዙን ጠቅልሎ መሄዱን ግን ከዚያ ጋር አያይዘን አንተርክም። በሩን ስንከፍት ያለውን ፎቶ ሰቅለነዋል፤ ሲወጡ ያለውን ማንም አላነሣውም።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችሁ እንዴት መጣችሁ ብለው ሲጠይቋችሁ የችግሩን ብቻ አትንገሯቸው፤ በሩንም ንገሯቸው። በየትኛው ሕግ ገባሁ? ያን ሕግ ማን አስወጣው? ፎርሙን ማን ሞላልኝ? ስፖንሰር የሆነኝ፣ አልጋው ላይ ያሳደረኝ፣ ቃለ መጠይቁን ያስጠናኝ ማነው? ይህን የሚሰማ ልጅ በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ውኃ የሚያድለውን ልጅ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለመጨረስ ወደዚያው ቤት ልመልሳችሁ። ለአርባው ስንሰበሰብ ጋሼ ከጎኔ ተቀመጡ። ያነበብኩትን፣ ለእናንተ ዛሬ የነገርኳችሁን፣ ባጭሩ አጫወትኳቸው። ስለ አየርላንዶቹ ስነግራቸው ሳቁ። “ጋሼ፣ እርስዎ በምን ገቡ?” አልኳቸው። “በዲቪ” አሉኝ። “በዘጠና ስምንት።” ቀጥለው ዝም አሉና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው፣ ጧፍ ወደበራለት የሟቹ ፎቶ አገጫቸውን አነሡ። “እኔ እኮ መሞላቱንም አላውቅም ነበር። ከዚህ ሆኖ ሞልቶ በፖስታ ያስገባልኝ እሱ ነው።”

ትንሽ ቆዩና አንገታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አዙረው፣ “ያ ልጅ ዛሬ አልመጣም?” ብለው ጠየቁ። ሥራ ላይ እንደሆነ ነገሯቸው። “ስልኩ ያለው ሰው ካለ ስጡኝ” አሉ።